ሳፋሪ በአምቦ መንገድ

ከሳፋሪ የተመለሰ ሰው በሁለት ነገር ይታወቃል፤ በኮፍያውና በምስክርነቱ። ኮፍያው ጠርዙ ሰፋ ያለ፣ መልኩ አፈር የመሰለ፣ በአገጭ ሥር የሚቋጠር ገመድ ያለው ነው። ቡራዩ ላይ ይህን ደፍቶ ከታክሲ የወረደ ሰው የመንገድ ተቋራጭ ስለሚመስል "ኧረ ይሄ አስፋልት መቼ ነው የሚያልቀው?" ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። ምስክርነቱ ደግሞ ከአንዱ ሳፋሪ ተመላሽ ወደ ሌላው ብዙም አይለያይም። ጎህ ሲቀድ፣ ጣሪያው በተከፈተ ላንድክሩዘር፣ ኬንያ ማሳይ ማራ ወይም ታንዛኒያ ሴሬንጌቲ ገባ። ዝሆኖች ግልገሎቻቸውን መሐል አድርገው በፊቱ አለፉ። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ሰውየው ዓመቱን ሙሉ ቢሮ ውስጥ ያልመጣለት እንባ እዚያ መጣ፤ ፈጣሪ መኖሩንም በዚያች ደቂቃ አረጋገጠ።

በእንባው መቀለድ አይገባም። ዝሆን በቅርብ ያየ ሰው የራሱን ልክ ያውቃል፤ የራሱን ልክ ያወቀ ሰው ደግሞ ወደ ጸሎት ሩብ መንገድ ሄዷል። የሚያስቀው ሌላ ነው፤ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ለዚህ እንባ አውሮፕላን መሳፈሩ።

ከዋሽንግተን በናይሮቢ በኩል ዞሮ የመጣ አንድ የቡራዩ ልጅ ይህንኑ ምስክርነት ለአክስቱ ሲያወራ፣ እሳቸው ቡናውን እየቆሉ በትዕግሥት አዳመጡት። ፎቶውንም አንድ በአንድ አዩ። ዝሆኑን "ጉድ ነው!" አሉለት፤ ቀጭኔውን "እቺ ደግሞ ምን ፍለጋ ነው እንዲህ የተንጠራራችው?" አሉለት። ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ገቡ።

"ስንት ተከፈለበት?"

ነገራቸው። በብር ሲመነዘርላቸው የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ።

"ልጄ፣ እኔማ ሌሊት አሥር ሰዓት ለኪዳን ስወጣ በነጻ ነው የማየው።"

"ምኑን፣ አክስቴ?"

"አያ ጅቦን ነዋ!"

እውነታቸውን ነው። ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ዛሬ ሸገር ከተማ በሚባለው አስተዳደር ሥር ተጠቃልለው በአዲስ አበባ ዙሪያ ቀለበት ሆነው የተቀመጡ ናቸው፤ ከጀርባቸው ግን ተራራና ገደል፣ ከተራራውና ከገደሉ ደግሞ ጅብ አልተለያቸውም። ሌሊት ከጉድጓዱ ወጥቶ ቆሻሻ መጣያውን፣ የሥጋ ቤቱን ጓሮ፣ የወንዙን ዳር ይጎበኛል። ይህ የሥራ ሰዓቱ እናቶች ውዳሴ ማርያማቸውን ይዘው ከሚወጡበት ሰዓት ጋር ይገጥማል። መንገዱ አንድ ነው። ጠባብ ቅያስ ላይ ሲገናኙ ማን ለማን እንደሚለቅ በመጽሐፍ የተጻፈ ሕግ የለም፤ በልማድ ግን እናቶቹ አይሮጡም፣ አይጮሁም፣ ድንጋይም አይወረውሩም። አማትበው፣ በትራቸውን መሬት ላይ ጠቅ ጠቅ እያደረጉ፣ "አንተም በመንገድህ፣ እኔም በመንገዴ" ብለው ያልፋሉ። ማሳይ ማራ ላይ ለዚህ ዓይነቱ ቅርበት ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ፣ የተፈረመ ውልና መድን ይጠየቃል።

አክስትየው ቢያውቁት ደስ የሚላቸው ነገርም አለ። በነጠብጣቡ ጅብ ማኅበር ውስጥ የበላይዋ ሴቷ ናት። ምግቡ ላይ ቀድማ የምትቀርበውም፣ መንጋውን የምትመራውም እሷ ናት፤ ወንዱ በመጨረሻው ረድፍ ተራውን ይጠብቃል። በተረታችን "አያ" እየተባለ የሚንቀባረረው ጅብ ቤቱ ሲገባ ለእትዬ ጅቢት ሰጥ ለጥ ብሎ የሚገዛ ነው።

ጅብና ሃይማኖት ከተነሣ አይቀር፣ ከሁሉ የሚገርመው ታሪክ የሰሜኑ ነው። ግደይ ይርጋ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በትግራይ የጅቦችን ዓይነ ምድር እየሰበሰቡ፣ በውስጡ የተገኘውን ፀጉር እየለዩ ጅቡ ምን እንደበላ አጠኑ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 በእንስሳት ሥነ ምህዳር ላይ በሚያተኩር የእንግሊዝ የሳይንስ መጽሔት ታተመ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ሕዝቡ ለ55 ቀን ሥጋ ይተዋል፤ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፤ በየጓሮው የሚጣለው አጥንትና ፈርስ ይጠፋል። ሰው ሲጾም ጅብም ሳይወድ በግዱ ጾመኛ ይሆናል ማለት ነው። ጅቡ ግን ጾሙን አይቀበለውም፤ ፊቱን ወደ አህያ ያዞራል። በጾሙ ወራት የአህያ ፀጉር የተገኘበት ዓይነ ምድር ድርሻ ከጾሙ በፊት ከነበረው በእጥፍ በልጦ ተገኘ። ፋሲካ ሲያልፍ፣ በጉና በሬው መታረድ ሲጀምር፣ ቁጥሩ ተመልሶ ወረደ።

በዚህ ስሌት ከሄድን በኢትዮጵያ የምእመናን ጽድቅ ዋጋ የሚከፈለው በአህያ ነው። ፋሲካን ከአህያ የበለጠ የሚናፍቅ ፍጡር ሊኖር አይችልም፤ ሆሳዕና ላይ ጌታን የተሸከመ ዘር መሆኑም አላስማረውም።

ምሥራቁ ደግሞ ሌላ መፍትሔ አግኝቷል። ሐረር ላይ ጅብን በእጅና በአፍ በያዙት እንጨት ሥጋ የሚያጎርሱ ሰዎች መኖራቸውን ዓለም ያውቃል። ብዙ ያልተወራለት የአሹራው ገንፎ ነው። በሙስሊሞች የአሹራ በዓል ሌሊት ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ለጅቦች ይቀርባል፤ ጅቡ ደህና አድርጎ ከበላ ዘመኑ መልካም ይሆናል፣ አፍንጫውን ካዞረ ክፉ ቀን ሊመጣ ነው ተብሎ ይታመናል። ሰሜኑ ጅብን ሲያስርብ ምሥራቁ ቅቤ ያበላዋል። ቡራዩ ከሁለቱ መሐል ቆሞ ቆሻሻውን በፌስታል እየወረወረ ምግብ ያቀርብለታል፤ ይህም እንደ ልግስና ከተቆጠረ ነው።

የቡራዩ ሰው የዱር ፍጥረት የሚያይበት ሌላው ቦታ ገፈርሳ ነው። የገፈርሳ ግድብ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ከሚሰጡት ቀደምት ማጠራቀሚያዎች አንዱ ሲሆን፣ ዳር ዳሩ ለወፍ የተመቸ እርጥብ ሣር ነው። ከመስከረም ጀምሮ የአውሮፓን ብርድ የሸሹ ዳክዬዎች ይሰፍሩበታል። ወፎቹን ተከትለው ደግሞ የወፎቹ ወዳጆች ይመጣሉ፤ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ኪሳቸው የበዛ፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ረጅም መነጽር የሚተክሉ ፈረንጆች።

ችግሩ ያ መነጽር ነው። ቡራዩ ላይ ባለ ሦስት እግር መሣሪያ አቁሞ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሜዳ የሚያይ ሰው አንድ ትርጉም ብቻ አለው፤ መሬት እየለካ ነው። ለመሬት ልኬት ልቡ የሚደነግጥ ሕዝብ ነው፤ ለመደንገጥም በቂ ምክንያት አለው። እናም ፈረንጆቹ በቆሙ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ዙሪያቸውን ሰው ይከባቸዋል። አስተርጓሚው ይጠየቃል።

"ወንድሜ፣ ልማት ነው?"

"አይደለም ጋሼ፣ ወፍ ሊያዩ ነው።"

"ወፍ? ከእንግሊዝ ድረስ?"

"እዚህ ብቻ ስለምትገኝ ነው።"

ዝምታ ይሆናል። ጋሼ አያምኑም፤ ግን ደግሞ መነጽሩ ውስጥ ማየት ይፈልጋሉ። ጎንበስ ብለው ያያሉ። ክንፏ ላይ አመድማ ሰማያዊ ጣል ያለባት፣ ስትራመድ አንገቷን ወደ ኋላ ጀርባዋ ላይ የምታስተኛ ዝይ ናት። "እቺማ የኛው ናት! ሁልጊዜ አለች እኮ" ይላሉ ቀና ብለው፣ ግማሽ ቅር ብሏቸው፣ ግማሽ ኮርተው። ሰማያዊ ክንፏ ዝይ በዱር የምትኖረው በኢትዮጵያ ደጋ ነው። ጠዋት ጠዋት በሰፈሩ ላይ እየጮኸች የምታልፈው፣ ከጉሮሮዋ ሥር ቆዳ የተንጠለጠለባት ባለ ቆልማማ መንቆር ወፍም የዚሁ ደጋ ልጅ ናት። ፈረንጁ እሷን ለማየት ዓመት ይቆጥባል፤ የቡራዩ ሰው በእሷ ጩኸት ከእንቅልፉ እየነቃ ይራገማል።

ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ባለ ወፍራም መንቆሩ ቁራም አይረሳ። መጽሐፈ ነገሥት እንደሚነግረን ነቢዩ ኤልያስ በኮራት ፈፋ ሲደበቅ ጠዋትና ማታ እንጀራና ሥጋ ያመላለሱለት ቁራዎች ነበሩ። የዚያ ዘር ቡራዩ ሲደርስ ሥራውን ገልብጦታል፤ ከሥጋ ቤት ደጃፍ ጮማ ይዞ የሚነሣው እሱ ነው፣ "ወይኔ!" የሚለው ደግሞ ሰው።

እንግዲህ አንበሳውስ? ሳፋሪ ያለ አንበሳ አይሆንም።

የቡራዩ ሰው አንበሳውን ያገኘው ግድግዳው ላይ ነው። ከሳሎኑ ሥዕላት አንዱ ብዙውን ጊዜ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ናቸው፤ አቦ። መላ ሰውነታቸው በፀጉር ተሸፍኖ፣ እጃቸውን ለጸሎት ዘርግተው፣ በግራና በቀኝ አንበሶችና ነብሮች ከበዋቸው፣ የጠማት ወፍ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ። ገድላቸው 60 አንበሳና 60 ነብር ይከተሏቸው እንደነበር ይተርካል። 120 ሥጋ በል አውሬ በየቀኑ ምን እየበላ ነው ብሎ የሚጠይቅ ተሳፋሪ አይጠፋምና መልሱም ተዘጋጅቷል፤ ጻድቁ የረገጡትን አፈር እየላሱ ይጠግቡ ነበር። አቡነ ሳሙኤል ዘዋልድባ በአንበሳ ጀርባ ተቀምጠው ይሳላሉ። አቡነ አረጋዊ ደብረ ዳሞ የወጡት በዘንዶ ነው። ቅዱስ ያሬድም ትምህርት አልገባ ብሎት ተስፋ በቆረጠ ጊዜ ያስተማረው እየወደቀ እየተነሣ ዛፍ የሚወጣ ትል ነው። የኢትዮጵያ ገዳማት ታሪክ ከዱር እንስሳት ነጥሎ ይነገር ቢባል ግማሹ ይጎድላል።

ስለዚህ ከማንኛውም አስጎብኚ ድርጅት በፊት የቤተ ክርስቲያን የጉዞ ማኅበር ነበረ። መጋቢት 5 ለአቦ ክብረ በዓል ወደ ዝቋላ የሚሄደውን አውቶቡስ ያየ ያውቀዋል። ማስታወቂያው በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይለጠፋል፤ ዋጋው ደርሶ መልስ ነው። መኪናው ሌሊት ይነሣል፤ መዝሙሩ ከመነሻው እስከ መድረሻው አይቋረጥም። ጊዜው ብዙውን ጊዜ ሁዳዴ ስለሆነ ስንቁ ዳቦና ቆሎ ነው። ተራራው ከቢሾፍቱ ማዶ፣ 3000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው የሞተ እሳተ ገሞራ ሲሆን፣ አናቱ ላይ ያለው ጎድጓዳ ሐይቅ በምእመናኑ ዘንድ የተቀደሰ ነው። በጽዱ ቅርንጫፍ ላይ ደግሞ ጉሬዛ ተቀምጣ የሰውን ጎርፍ ቁልቁል ታያለች። ከዚያው ከቢሾፍቱ፣ ከሆራ አርሰዲ ሐይቅ ዳር፣ በኢሬቻ ቀን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ እርጥብ ሣር ይዞ ለዋቃ ምስጋና ያቀርባል። በአንድ አካባቢ ሁለት እምነት፤ ሁለቱም ወደ ውሃና ወደ ለምለም ነገር ፊቱን ያዞረ። የቢሾፍቱ ሰው ይህን ሁሉ ጎረቤቱ አድርጎ ኑሮውን ይኖራል እንጂ ሳፋሪ ነው አይለውም።

ሥዕሉ ላይ ያለው አንበሳ ከሥዕሉ ወርዶ ጋዜጣ ላይ የወጣበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 በሰኔ ወር፣ ከአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ 560 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በቢታ ገነት አካባቢ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ በግድ ሊድሯት በፈለጉ ሰባት ወንዶች ተጠልፋ ጠፋች። ከሳምንት በኋላ ጫካ ውስጥ ስትገኝ ሦስት አንበሶች ከበዋት ነበር። ጠላፊዎቿን አባርረው ግማሽ ቀን ያህል አጠገቧ ቆይተው፣ ፖሊሶችና ዘመዶቿ ሲደርሱ ሳይነኳት ወደ ጫካው ገቡ። ዜናው አሶሺየትድ ፕሬስ በተባለው የዜና ወኪል በኩል ዓለምን አዳረሰ። የአገሩ ሰው ተአምር ነው አለ። አንድ የዱር እንስሳት ባለሙያ ደግሞ የልጅቷ ለቅሶ የአንበሳ ግልገል ድምፅ መስሎ ተሰምቷቸው ይሆናል፣ ያልበሏትም ለዚህ ሊሆን ይችላል የሚል ማብራሪያ ሰጠ።

ፈረንጅ አገር ይህ ዜና ሁለት ወገን አቁሞ አከራከረ። እዚህ ግን አቦ ግድግዳው ላይ ባሉበት ቤት ሁሉ የተከራከረ ሰው መኖሩ ያጠራጥራል፤ "ታዲያ ምን ይገርማል?" ተብሎ ቡናው ቀጠለ። ነገሩ ሲታሰብ የባለሙያው ማብራሪያ ተአምሩን አያሳንሰውም፤ ለእንግዳ ልጅ እንደ እናት የሚራራ አንበሳ ካለ እሱም አንድ ተአምር ነው። ያም ሆነ ይህ የአውሬነቱን ወንበር በዚያ ጫካ ይዘው የተገኙት ባለ ሁለት እግሮቹ ሰባት ናቸው።

አንበሳው ራሱ ግን የት አለ? ብዙ ዘመን የአዲስ አበባ ልጅ አንበሳ ያየው ስድስት ኪሎ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1948 በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በተቋቋመው አንበሳ ግቢ። በ2012 የውጭ ተመራማሪዎች የዚያን ግቢ 15 አንበሶች ዘረ መል መርምረው ከሌሎቹ የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳተሙ፤ ጎፈራቸው ጠቆር ብሎ እስከ ደረትና ሆዳቸው የሚወርደው እነዚያ ናቸው። በ2016 ደግሞ በአማራ ክልል፣ ከሱዳን ድንበር አጠገብ ባለው አላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ፣ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባጠመዱት ካሜራ አንበሳ ተነሣ፤ ጠፉ ተብሎ ሲታሰብ የነበሩ አንበሶች ተገኙ ተብሎ ዓለም ደስ አለው። የዚያው የቋራ ከብት አርቢ በበኩሉ "ጠፍተው ነበር እንዴ?" ሳይል አልቀረም።

ወደ ሴሬንጌቲ የሚበር ኢትዮጵያዊ ይህንንም ይወቅ። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ በሆነ የአየር ላይ ቆጠራ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጋ የሚፈልስ የሜዳ እንስሳ መኖሩ ተነገረ፤ በምድር ላይ ከሚታወቁት የየብስ አጥቢዎች ፍልሰቶች ሁሉ ትልቁ ነው የተባለለት። አብዛኛው ነጭ ጆሮ ቆርኬ ሲሆን፣ የዚሁ ቆርኬ መንጋ ድንበር ተሻግሮ ጋምቤላ ይገባል። ቪዛ አይጠየቅም፤ እንግዳ አቀባበልም አይደረግለትም።

ከቡራዩ ግን እስከ ጋምቤላ መሄድ አያስፈልግም። ወጨጫ ተራራ ከደጃፍ ይታያል። በምዕራብ ጎኑ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ከአዲስ አበባ አጠገብ የቀረ ትልቁ የተፈጥሮ ደን ነው። አፈ ታሪኩ ጀማሪው አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው ይላል፤ ተራራው ተራቁቶ ቢያዩት የጽድ ዘር ከደብረ ሲና አጠገብ ካለው ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት እኚህ ንጉሥ በሃይማኖት ጉዳይ ቀልድ የማያውቁ፣ የእመቤታችንን በዓላት 33 አድርገው የደነገጉ፣ ሰማይ ላይ ብርሃን ያዩበትን ቦታ ደብረ ብርሃን ብለው ከተማ ያቆሙ ናቸው። ያ ብርሃን የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ። ኮከብም ይሁን ሌላ፣ ቀና ብለው አዩ፤ ገረማቸው፤ አንድ ነገርም አደረጉ። የዛሬ ሰው ቢሆን በስልኩ ቀርጾ ያልፍ ነበር።

ደኑ ውስጥ ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ አለ። ድኩላ አለ፤ የዱር አሳማ፣ ጅብ፣ ነብርም ጭምር። ነብሩ አይታይም፤ ሰዎቹን ግን ያያል። ጉሬዛዋ ከሁሉ ትቀልላለች፤ ጫፉ ነጭ የሆነ ረጅም ጅራቷን፣ ጭራ ይዞ እንደሚቀመጥ የደብር አለቃ፣ ከቅርንጫፍ ላይ አንጠልጥላ፣ በአብዛኛው ቅጠል እየበላች ትውላለች። ዓመቱን ሙሉ ሥጋ ያልቀመሰች ጾመኛ ናት ማለት ይቻላል።

ሌላው ደን ግን እንደ ሱባ አልታደለም፤ ከአዲስ አበባ ዛፍ ጠፍቶ አፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን በዚሁ በአምቦ መንገድ ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ እስከማሰብ ደርሰው ነበር። የጀመሩት ቤተ መንግሥት በመጨረሻ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ አዲስ አበባን ያተረፋት ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፉ ለማገዶው ደረሰ። ለጉሬዛዋ ግን አይሆናትም፤ እሷን ያቆዩአት የቤተ ክርስቲያን ቅጥሮችና እንደ ሱባ ያሉ ጥቂት ደኖች ናቸው። ብዙ አንባቢ በ"እመጓ" ልብ ወለዳቸው የሚያውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ሌላው ሥራቸው ይህን የቤተ ክርስቲያን ደን ማጥናት ነው። ደቡብ ጎንደር ውስጥ በ28 አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። በዙሪያው ያለው ሁሉ ታርሶ ሲያልቅ ታቦቱ አጠገብ ያለው ቀረ፤ ዛፉ የጠባቂ ደመወዝ አልተከፈለለትም፣ ሰው ፈርቶ ነው የተወው። የሥነ ምህዳር ሊቃውንት ዛሬ በብዙ ገንዘብ የሚሰብኩትን ነገር አንድ ቄስ በ"አውግዣለሁ" ጨርሶታል።

ታዲያ ቅዳሜ የሱባ ደን ምን ይመስላል? የአዲስ አበባና የአካባቢዋ ሰው ሽርሽር ሲል ሁለት ነገር ማለቱ ነው፤ ጥብስና ሞንታርቦ። መኪናው ይቆማል፤ የኋላ በሩ ይከፈታል፤ ከሰሉ ይቀጣጠላል፤ ድምፅ ማጉያው ከ400 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው በሚባለው ጽድ ሥር ይተከላል። ከዚያ በኋላ ድኩላው ከወጨጫ ወዲያ ነው። ጉሬዛዋ ከፍ ወዳለው ቅርንጫፍ ትወጣለች። ማታ ሲመለሱ "ደኑ ቆንጆ ነው፣ አውሬ ግን የለበትም" ይላሉ። ፌስታሉና የፕላስቲኩ ጠርሙስ ይቀራል፤ ለጅቡ የተተወ መታሰቢያ መሆኑ ነው። ይህን የሚያደርገው ሰው ክፉ አይደለም፤ እሑድ ጠዋት ከአቦ ሥዕል ፊት ቆሞ አንበሳውን የሚሳለም ያው ሰው ነው። የተሳለውን አንበሳ ይስማል፤ የተፈጠረውን ድኩላ በድምፅ ማጉያ ያባርራል። ይህ ለሥነ ምህዳር ሊቅ ብቻ ሳይሆን ለንስሐ አባትም የሚነገር ጥፋት ነው።

ወደ ሰሜን፣ በሱሉልታ በኩል ያለው መንገድ የተሻለ ነገር ያሳያል። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ጎህ ሳይቀድ የሚሮጡ አትሌቶች አሉ፤ ቀነኒሳ በቀለ መሮጫ ትራክ የሠራውም እዚያው ነው። ጨለማ ውስጥ ጅብ ያየ ሯጭ የዚያን ቀን ሰዓቱን ያሻሽላል ይባላል። ቀጥሎ ጫንጮ፣ ሙከጡሪ፣ ከዚያ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ደብረ ሊባኖስ። ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳዎች ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ጭላዳ ከዝንጀሮና ከጦጣ ዘመዶቹ ሁሉ ተለይቶ በሣር የሚኖር፣ ደረቱ ላይ ቀይ ራቁት ቆዳ ያለው፣ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በዱር የሌለ ፍጥረት ነው። ጠበል ለመጠመቅ የመጣ ምእመን በመጠመቂያው ወረፋ መሐል ቀና ሲል ያየዋል። ባለ ጎፈሩ አውራ ጭላዳ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ሲያሳይ "በስመ አብ!" የማይል የለም። እዚያ ሞንታርቦ ይዞ ገደል አፋፍ የወጣ ሰው እስካሁን አልታየም፤ የገዳሙ አባቶች አይፈቅዱምና።

ከዋሽንግተን የመጣው ልጅ በመጨረሻ አክስቱን ይዞ ሱባ ሄዷል። ኮፍያውን አደረገ፤ እሳቸው ነጠላቸውን። ዛፍ ሥር ተቀምጠው ዳቦ ሲቆርሱ ጉሬዛዎች መጡ፤ አክስትየው ብዙ አልተገረሙም፣ "እነዚህ በልጅነቴ እኛ ደብር ነበሩ" አሉ። ልጁ ግን እንባው መጣ፤ በነጻ ለማለት ይቻላል፣ የመግቢያው ክፍያ ከታክሲው አይበልጥም።

አንባቢ ሆይ፣ መናገሻ ሱባ በሰበታም በአምቦ መንገድም ይደረሳል። በማለዳ ይሂዱ፤ ጥበቃዎቹን ጉሬዛዎቹ የት እንደዋሉ ይጠይቋቸው፤ ያውቃሉ። ውሃና ዳቦ ይያዙ፤ የያዙበትን ፌስታልም መልሰው ይዘው ይምጡ። ዕድሜ የጠገቡ እናት ወይም አክስት ካሉዎት አብረው ይውሰዷቸው። ሞንታርቦው ግን ቤት ይቅር።